የዲንቄ መባ

«አውርዱት እንጂ! ምን ቆማችሁ ታያላችሁ?» አለች ዲንቄ፤ ድምጿ ግን ሳታስበው ቀጠነባት።

አይሱዙው ወሰን ሰፈር ባለው የአጣና መሸጫ ግቢዋ በር ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። አጣናው ከእንጦጦ ጀርባ ገና ተቆርጦ የመጣ እርጥብ ነው። አውራጆቹ ገመዱን ፈትተው የመጀመሪያዎቹን እንጨቶች ትከሻቸው ላይ እንዳደረጉ ነበር የገቢዎች መኪና መጥታ ከኋላ የቆመችው። ሶሬቲ ወረደች። ይቺን ልጅ የአካባቢው ነጋዴ ሁሉ ያውቃታል፤ ሻይ የማትጋበዝ፣ ቀልድ የማይገባት የግብር ሠራተኛ ናት።

ዲንቄ እዚህ ሥራ ውስጥ የገባችው የእርሻ መሬታቸው ኮንዶሚኒየም ከበቀለበት በኋላ ነው። አጣናውን ከገበሬ ትገዛለች፣ ለሕንፃ ሠሪዎች ትሸጣለች፣ ግብሯን ትከፍላለች። እንዲህ እያለች ደህና ስትኖር፣ አምና ደብሩ ተራራው ላይ ያለውን የራሱን ባሕር ዛፍ እያስቆረጠ ከመንገዱ ማዶ መሸጥ ጀመረ። ደብሩ ግብር የለበትም። ስለዚህ እሷ በምትገዛበት ዋጋ እነሱ ይሸጣሉ። «እሑድ የምሳለመው ደብር ሰኞ ደንበኛዬን ይወስድብኛል» ስትል ጎረቤቶቿ እየሳቁ ያማትቡ ነበር። እሷን ግን አያስቃትም። ያላትን ጥሪት ሁሉ ያፈሰሰችው እዚህ ጭነት ላይ ነው፤ ይኼ ከከሰረ በሩን መዝጋት ነው።

መላውን ያመጣላት ተክሌ ነው፣ የማዶውን የደብሩን መሸጫ የሚያስተዳድረው።

«ምን ያስጨንቅሻል?» አላት ባለፈው ሳምንት። «ያለ ደረሰኝ አስገቢው፤ ጠያቂ ከመጣ ለደብሩ ያመጣሁት መባ ነው በይ። ማን ይነካሻል? ሲሄዱ ትሸጪዋለሽ፣ ለኔም ትንሽ ታስቢልኛለሽ።»

«ለደብሩ ነው ላንተ?»

«እኔና ደብሩን ምን ለየን!» ብሎ ሳቀ።

ያኔ ነገሩ ቀልሏት ነበር። አሁን ሶሬቲ ፊቷ ቆማለች።

«ወይዘሮ ዲንቄ፣ እንደምን ዋሉ? ጭነቱ የማን ነው?»

«የደብሩ ነው! መባ ነው!» አለ ተክሌ፣ መንገዱን በሩጫ ተሻግሮ እያለከለከ።

«እርስዎን አልጠየቅሁም። የሚራገፈው እሳቸው ግቢ ነው፣ እሳቸው ይንገሩኝ። የደብሩ ከሆነ አልነካውም። የእርስዎ ከሆነ ግን ያለ ደረሰኝ የገባ ነው፣ ከነቅጣቱ ይከፍላሉ።»

ዲንቄ ተክሌን አየችው።

«መባ ነው» አለች።

ሶሬቲ ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ ወደ መኪናዋ ዞረች። ነገሩ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። ግን የደብሩ ቄስ አባ ዘረሰናይ መቋሚያቸውን ተደግፈው በዚያ ሲያልፉ ሰሙት። አባ የሰፈሩን ግማሽ ያጠመቁ ሽማግሌ ናቸው፤ የሰው ቃል አይጠረጥሩም።

«ይኼ ሁሉ? ዲንቄ፣ ይኼን ሁሉ የሰጠሽው አንቺ ነሽ?» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «የጧሪ አልባዎቹ ቤት ጣሪያ ሊወድቅባቸው ነው ልጄ። ለማገር የሚሆን እንጨት ስጡን ብለን እነተክሌን ብንለምን፣ ለሽያጭ ነው አሉን። እግዚአብሔር ባንቺ አድሮ መለሰልን።»

መስቀላቸውን ከደረታቸው አወጡ። አውራጆቹ እንጨታቸውን አስቀምጠው ኮፍያቸውን አወለቁ። ዲንቄ በሬውን ለደብር ሰጥቶ መልሶ የወሰደ ሰው ዓመት አልደፈነም ሲባል እየሰማች ያደገች ናት። አባ ከባረኩት አለቀ፤ አንድ እንጨት እንኳ አይሸጥላትም። ሸጣ ብትበላውም ከጉሮሮዋ አይወርድም።

ተክሌ ወደ ጆሮዋ ተጠጋ። «ዝም በይ። ይባርኩና ይሂዱ፤ ማታ ትሸጪዋለሽ።»

አባ በስመ አብ ብለው ሲጀምሩ ዘላ እጃቸውን ያዘች።

«አባ፣ አይባርኩት! መባ አይደለም። ዋሽቼ ነው። የኔ ነው፤ ልሸጠው ነው ያመጣሁት።»

አላፊ አግዳሚው ቆመ። ዲንቄ ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ አለች። አባ መስቀሉን ቀስ ብለው ወደ ደረታቸው መለሱት፤ አልተቆጡም፣ ያም ከቁጣ በላይ አሳፈራት።

«እንኳን አሜን ሳይባል ነገርሽኝ» አሉ።

ሶሬቲ ተመልሳ መጥታለች። «ቅጣቱን ያውቁታል አይደል?»

«አውቀዋለሁ። ግን የኔ ልጅ፣ እዚያ ማዶ የሚሸጠውም እንጨት ነው። የሚገዛውም የኔ ደንበኛ ነበር። እሱንስ የማን ነው ብለሽ የምትጠይቂው መቼ ነው?»

«የደብር ንብረት ነው፤ እኔን አያገባኝም።»

«ለድሀ ነው ብዬ፣ አትንኩት እያልኩ ስከራከር የኖርኩት እኔ ነኝ» አሉ አባ። ወደ ተክሌ ዞሩ። «ድሀው ግን ጣሪያ የለውም። አንተ ልጅ፣ ነገ ሰበካ ጉባኤው ፊት ቀርበህ የእንጨቱ ገንዘብ የት እንደሚገባ ታስረዳናለህ።»

ተክሌ መንገዱን ሲሻገር እንደ አመጣጡ አልሮጠም።

ዲንቄ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች። ከቅጣቱ በኋላ የሚተርፋት ምን እንደሆነ ልቧ ያውቀዋል፤ ጥቂት ነው። ወደ አውራጆቹ ዞረች።

«ቀጥ ቀጥ ያለውን ለማገር ለዩልኝ፣ ለጣሪያው የሚበቃ። ወደ አባ ትወስዱታላችሁ።»

ሶሬቲ እስክሪብቶዋን አወጣች። «ይኼኛው እውነተኛ ስጦታ ከሆነ ከሒሳቡ ላውጣልዎት።»

«አታውጪው» አለች ዲንቄ። «መጀመሪያ ሁሉንም የኔ ብለሽ ቁጠሪው። የኔ ያልሆነውን እንዴት አድርጌ እሰጣለሁ?»