ነጯ ልቃቂት

ትሄድ ይሆን ወይስ ትቀር? አያትየው ሦስት ቀን ሙሉ ይህንኑ ሲያብሰለስሉ ሰነበቱ። የልጅ ልጃቸውን አንድ የሩቅ ከተማ የፑል ቡድን መጥተሽ ተጫወቺልን ብሏታል፤ አውቶቡሱ ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይነሳል። እሷ ግን እሺም እንቢም ሳትል ትወጣለች፣ ትገባለች። መጫወቻ ቤት «ዝምታ» የሚል ስም ያወጡላት ያለ ነገር አይደለም። አያትየውም መጠየቁን ፈሩት። ሂጂ ለማለት ሆዳቸው አልችል አለ፤ ቅሪ ቢሉ ደግሞ ነገ ጸጸቱ የራሳቸው ነው።

ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ የመስኮቱ ብርሃን ጠረጴዛው ላይ እንደ ውሃ ተኝቶ ሳለ፣ ልጅቷ የሹራብ ክር ልቃቂቶቹን ከቅርጫታቸው አውጥታ አረንጓዴው የጠረጴዛ ልብስ ላይ በተነቻቸው። ጥጋጥጉ የኳስ መግቢያ ቀዳዳ ነው አለች። አያትየው ጠርዝ ላይ ያለችውን ቀይ ጠቆሙ፤ ይቺን እፍ ቢሏትም ትወድቃለች፣ ምን ያስጨንቃል አሉ።

«እሷንማ ማንም ያስገባታል፣ እማማ። ከዚያ በኋላ መቺዋ ነጯ የት ትቆማለች ነው ነገሩ። እኔ ከመጨረሻዋ ተነስቼ ወደ ኋላ ነው የማስበው። የመጨረሻዋን ጥቁር ለመምታት ነጯ የት ትቁምልኝ? እዚያ እንድትደርስ ከዚያ በፊት የቷን ልምታ? እንዲህ እያልኩ እስከዚህ።»

የፑል ጠመኔ ባሰመረው ጣቷ ነጯን ገፋ አደረገቻት። ልቃቂቷ ቀይዋን ነክታ፣ ክሯን ከኋላዋ እየለቀቀች ተንከባለለችና ልክ ሰማያዊዋ ፊት ስትደርስ ቆመች። የመጣችበት መንገድ ልብሱ ላይ ተሰምሮ ቀረ።

«ክሬን ፈታሽው እኮ» አሉ አያትየው። ዓይናቸውን ግን ከመስመሩ መንቀል አቃታቸው።

ዛሬ ሲነጋጋ፣ በእንቅልፍና በንቃት መሃል ሆነው፣ ያ ነጭ ክር ቤቱን ሲዞር አዩ። ከወጥ ቤቱ ቧንቧ ተነሳ፤ ዘመኑን ሙሉ ሲንጠባጠብ የኖረውን ልጅቷ ባለፈው ሳምንት አሠርታዋለች። ወደ መድኃኒታቸው ሄደ፤ ለየቀኑ ከፋፍላ አስቀምጣላቸዋለች። ወደ ስልኩ ሄደ፤ የጎረቤታቸውን ቁጥር ግድግዳው ላይ በትልልቁ ጽፋላቸዋለች። ከዚያ እየተንሳፈፈ መጥቶ አልጋቸው ሥር ቆመ።

ያን ጊዜ ገባቸው። ልጅቷ ከወሰነች ቆይታለች። የቀረቻት አንዲት ኳስ ናት፤ እሷም መንገዱ ላይ ተገትራለች። ያቺ ኳስ እሳቸው ናቸው።

ተነሡና እሳቸውም ከመጨረሻው ጀመሩ። ልጅቷ አውቶቡስ ውስጥ፣ መስኮቱ ዳር ተቀምጣ። ከዚያ በፊት፣ በሩን ዘግታ ስትወጣ። ከዚያ በፊትስ? በሩ ላይ ካገኘቻቸው ትስማቸዋለች፣ ከሳመቻቸው ታለቅሳለች፣ ካለቀሰች ሻንጣዋን ትፈታለች። ያሳደጓት ልጅ አይደለችም እንዴ?

ልጅቷ ተነስታለች፤ ከመታጠቢያ ቤቱ የውሃ ድምፅ ይሰማል። የልጅቷን የፑል መምቻ ስቲክ ከነማኅደሩ በሩ አጠገብ አስደገፉ። ትናንት ማታ የጨረሱትን ሹራብ አጥፈው ከላዩ አኖሩ፤ መቼም ይቺ ልጅ ብርድ አትፈራም። አንገትጌውን አንድ ጊዜ አስተካከሉት፣ ደግመው አስተካከሉት። ከዚያ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ በሩን ገርበብ አድርገው ወደ ጎረቤት ወጡ።