ወደ አብደላ ደጅ

ምናሴ ከሞተ አርባ ቀን ሳይሞላው ለቅሶ ደራሹ ሁሉ ለወንድሙ ለአስቻለው መካሪ ሆነለት። “ወንድ አይደለህም እንዴ?” ይሉታል፣ የእናቱን የአጸደን ጠላ እየጠጡ። እሷም ጥርሷን ነክሳ ትቀዳላቸዋለች።

ምናሴን የገደለው የጎረቤታቸው የአብደላ ልጅ ነው። ጨፋ ሜዳ ላይ በመስኖ ውሃ ተራ ተጣልተው በአካፋ መታው። ልጁ ከሚሴ ታስሯል፤ አባቱ ግን እቤቱ አለ፣ እሑድ እሑድ በግ እየነዳ ገበያ ይወርዳል።

ያን እሑድ አጸደ ለቅዳሴ ስትነሳ የሟች ባሏን ጠመንጃ ከተሰቀለበት አጣችው። የአስቻለውም መኝታ ባዶ ነበር። ነገሩ ወዲያው ገባት፤ አብደላ ገበያ የሚወርድበት ቀን ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ “ይግደለው!” ብላም አስባለች። አንድ አፍታ ብቻ፣ ግን አስባለች። ከዚያ ልጇ በእጁ ደም ይዞ ታያት። “አንዱን ቀበርኩ፤ ሌላውን ነፍሰ ገዳይ ላድርገው?” አለችና ቅዳሴውን ትታ፣ ዳግመኛ አልረግጠውም ብላ ወደ ማለችበት ደጅ ሮጠች።

የከፈተችላት የአብደላ ሚስት ዓፊያ ናት። ሁለቱ በአንድ ዓመት የወለዱ፣ አራስ ቤት የተጠያየቁ ሴቶች ናቸው። ዓፊያ እግሯ ላይ ወደቀች።

“አጸዱዬ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ አፉ በይኝ!”

አጸደ ይቅር የሚለው ቃል ከአፏ አልወጣ አላት።

“ባልሽ እንዳይወጣ” አለች። “ልጄ ጠመንጃ ይዞ መንገድ ላይ እየጠበቀው ነው።”

አብደላ በጎቹን መለሰ። ሽማግሌዎች፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ተሰብስበው ሄደው አስቻለውን በገበያው መንገድ ካለው ድልድይ ሥር አገኙት። ጠመንጃውን ሲቀበሉት እንደ ሕፃን ያለቅስ ነበር።

እቤት ገብቶ ልብሱን ፌስታል ውስጥ ከተተ።

“ማን ነገራቸው?”

“እኔ።”

“የወንድሜን ደም ሸጥሽው። ከእንግዲህ እናት የለኝም።”

ደሴ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈረ። ዞሮም አላያት።

በሳምንቱ የነፍስ አባቷ አባ ወልደ ሩፋኤል መጡ። አገሩ ሁሉ እያመሰገናት ነበር።

“ጌታ ጠላታችሁን ውደዱ ያለውን ፈጸምሽ” አሏት በክርስትና ስሟ ጠርተው። “አሁን ቀርበሽ ቁረቢ፣ ወለተ ኪዳን።”

“አልወደድኩትም፣ አባቴ። ዓፊያ እግሬ ላይ ወድቃ ስትለምነኝ እንኳ ይቅር ማለት አቃተኝ። እኔ የሄድኩት አስቻለው እንዲተርፍልኝ ነው። እሱም ሄደ።”

 የአባ ዓይን እንባ አቀረረ።

“የኔን ስልክ አያነሳም” አለች። “እርስዎ ይደውሉለት። እዚህ መሆኔን ግን እንዳይነግሩት።”

ደወሉና ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጉላት።

“ሃሎ? አባ?” አለ አስቻለው።

አጸደ አፏን በእጇ አፍና አዳመጠችው።