አቶ ኮልብ ያረቀቀው ደንብ

ቬርነን ኮልብ በሃርሎ ፎልስ ከተማ ምክር ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲቀመጥ ከመንገድ ጥገና በቀር ለምንም ነገር ድጋፍ ሰጥቶ አያውቅም። ለገና መብራት፣ ተቃውሞ። ለዳክዬዎቹ ኩሬ፣ ተቃውሞ። ቤተ መጻሕፍቱ በገዛ ወንድሙ ስም ይጠራ ሲባል እንኳ፣ ተቃውሞ፤ ወንድምየው መጽሐፍ ተውሶ አይመልስም ነበር። የምክር ቤቱ ጸሐፊ ሎሬታ መጠበቁ ስለሰለቻት ገና ድምፅ ሳይሰጥ በስሙ ትይዩ «ተቃውሞ» ብላ በቀለም ትጽፋለች። አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም።

የዚያን ማክሰኞ ግን ቬርነን ጉድ ፈልቶበታል። «ድጋፍ» ሊል ለልጅ ልጁ ቃል ገብቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቴሳ የብሔራዊ ዘብ ወታደር ናት። ወንዙ የሞላ ጊዜ ስልሳ ቀን ሙሉ ጆንያ በአሸዋ ስትሞላ፣ አሮጊቶችን በጀልባ ስታወጣ ከረመች። መንግሥት ለወታደር ትምህርት የሚከፍለው ያገለገለበትን ቀን ቆጥሮ ነው፤ እነዚያ ስልሳ ቀናት ግን ትእዛዙ የመጣው ከክፍለ ግዛቱ ገዢ እንጂ ከዋሽንግተን ስላልሆነ አይቆጠሩም። ጭቃው ያው ጭቃ፣ ወገቧም ያው ወገብ! አሁን «ይቆጠሩ» የሚል ረቂቅ ሕግ ዋሽንግተን ቀርቧል። የአካባቢው እንደራሴ ወላዋይ ቢጤ ነውና «እስከ ረቡዕ ቀትር ከስድስት ከተሞች የድጋፍ ደብዳቤ ከደረሰኝ እደግፋለሁ» ብሏል። አምስቱ ልከዋል። ስድስተኛዋ ሃርሎ ፎልስ ናት።

ይህ ካልሆነ ቴሳ ዓርብ ዕለት ለትምህርቷ ክፍያ ስትል ለስድስት ዓመት ውትድርና ፈርማ፣ አውሮፕላን ግማሽ ቀን ወደሚበርበት የጦር ሰፈር ትሄዳለች። ልትማርበት የምትሻው የነርስ ትምህርት ቤት ደግሞ ከቤታቸው አሥር ደቂቃ አይሞላም። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ቬርነንን የሚጨቀጭቀው ሰው ቴሳ ብቻ ናት። እሷ ከሄደች ከማን ጋር ሊጣላ ነው? ከግድግዳ ጋር?

«አባባ፣ ዛሬ አፍህን እንዳያዳልጥህ» አለችው ጠዋት እንቁላል እየጠበሰች።

«አንዲት ቃል ምን ታዳልጣለች?»

«እስቲ በላት።»

«ድ... ምን ያጣድፍሻል! ማታ እላታለሁ።»

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ቴሳ የደንብ ልብሷን ለብሳ ኋላ ተቀምጣለች። ከንቲባው ጎርደን ስብሰባውን ከፍቶ ደብዳቤውን ካስነበበ በኋላ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የልጄ ባል ብሔራዊ ዘብ ውስጥ ነው» አለ። «በደንብ ቁጥር አርባ አንድ መሠረት መውጣት ይኖርብኛል።»

ደንብ ቁጥር አርባ አንድ፣ ዘመዱ የሚጠቀምበት ጉዳይ የቀረበበት አባል ከአዳራሹ ይውጣ፣ ድምፅም አይስጥ ይላል። ዝምድናው እስከ አክስት ልጅ ይደርሳል።

ሌላው አባል ፓስተር ኦቲስ ተነሳ። «የወንድሜ ልጅም አለ።»

ማርሊን ቮስ ቀጠለች፤ ቦርሳዋን አንጠልጥላ፣ ዓይኗን ቬርነን ላይ ተክላ። «የእህቴ ልጅ፣ የአክስቴ ልጅ፣ የባሌም ወንድም» አለች። «ደንቡ መቼም ግሩም ነው። ማን ነበር ያረቀቀው አቶ ኮልብ?»

ያረቀቀው ቬርነን ራሱ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ምክር ቤቱ የሱን የሴዳር ጎዳና ትቶ የኦክ ጎዳና ይጠገን ብሎ ሲወስን፣ ኦክ ጎዳና ላይ የማርሊን እህት ትኖራለችና፣ ደሙ ፈልቶ ያወጣው ደንብ ነው። ስለ ወታደር አላሰበም፤ ስለ አስፋልት ነበር የሚያስበው። ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቀውም ይባል የለ? ቬርነን ኋላ ዞሮ ቴሳን አያት። ከዚያ ተነስቶ ወጣ። 

ኮሪደሩ ላይ ሌላ ጣጣ ጠበቃቸው። ሦስትና ከዚያ በላይ አባላት ከአዳራሽ ውጭ ካወሩ ድብቅ ስብሰባ ተብሎ ያስከስሳል። ስለዚህ ሦስቱ የከተማው አባቶችና አንዷ እናት እንደተቀጣ ተማሪ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ቆሙ። ከንቲባው የእሳት አደጋ ብርጌዱን ዋንጫ ያያል። ፓስተሩ የውኃ ቧንቧውን። ቬርነን የደረሰው የመጥረጊያ ቁም ሳጥን ነው። ማርሊን የከተማዋ መሥራች ምስል ፊት ቆማ ከሥዕሉ ጋር ወግ ጀመረች።

«ክቡር መሥራች ሆይ፣ ያንዳንዱን ሰው ጉድ አዩልኝ? ለኔ ባጠመደው ወጥመድ የገዛ የልጅ ልጁን ሲይዝ!»

«ከሥዕል ጋር ማውራት ስብሰባ ነው እንዴ?» ብሎ ከንቲባው ዋንጫውን ጠየቀ።

«ጌታ ሆይ፣ ለሚጣሉት ማስተዋልን ስጥ» አለ ፓስተሩ ለቧንቧው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

ሎሬታ የደንቡን መጽሐፍ ታቅፋ ብቅ አለች። «ውስጥ ከአምስታችሁ አቶ ፊስክ ብቻቸውን ቀርተዋል። ምልዓተ ጉባኤ ሦስት ሰው ነው። ስብሰባውን ልበትነው ነው።»

«ቆይ እንጂ!» አለ ቬርነን ለቁም ሳጥኑ። «ደንቡን ለዛሬ ብቻ ማንሳት አይቻልም?»

«ይቻላል» አለች ሎሬታ ገጽ እየገለጠች። «ያቀረበው አባል፣ እሱ ብቻ፣ ደንቡን ያወጣበትን እውነተኛ ምክንያት በሕዝብ ፊት ተናግሮ ሲጠይቅ። ይቺንም ያስገቧት እርስዎ ነዎት።»

አዎ፣ እሱ ነው። ማርሊን መቼም እንዳታነሳው ብሎ ነበር።

የደንቡን ምክንያት ለመስማት አራቱም ተመልሰው ገቡ። ቬርነን ማይክሮፎኑ ፊት ቆመ። ሰዓት መቁጠሪያው ሦስት ደቂቃ ብሎ ጀመረለት፤ አንዱን ደቂቃ ማይክሮፎኑን ከፍ ዝቅ በማድረግ ፈጀው።

«የኦክ ጎዳናው ጉድጓድ» አለ በመጨረሻ፣ «ከሴዳሩ ይብስ ነበር።»

ማርሊን ቀና አለች።

«ለክቼዋለሁ። ኦክ ዘጠኝ ኢንች፣ ሴዳር ስድስት። ለናንተ ሴዳር አሥራ አንድ ነው አልኳችሁ። ወይዘሮ ቮስ ለእህታቸው አላደሉም። ደንቡን ያወጣሁት ተሸንፌ ስለተናደድኩ ነው።» ላቡን ጠረገ። «ልጄን ላጣት ነው፤ እባካችሁ አንሱልኝ።»

ማርሊን ለሁለት ዓመት የጠበቀችውን ቀን አገኘች፤ ቶሎ ልትጨርሰው አልፈለገችም።

«አልሰማሁም። ስንት ኢንች አሉ?»

«ስድስት።»

«አሥራ አንድ ያሉት?»

«ዋሽቼ ነው፣ ማርሊን! ዋሽቼ ነው! ይቅርታ አድርጊልኝ!»

«እንዲህ ነው እንጂ» አለችና ወንበሯን ስባ ተቀመጠች። ደንቡ ለአንድ ምሽት ተነሳ።

ድምፅ መስጠት ተጀመረ። ከከተማዋ ውጭ ላለ ጉዳይ ከአምስቱ አራት ድምፅ ያስፈልጋል፤ መቼም ይህንንም ያስገባው ማን እንደሆነ መናገር አያሻም። ከንቲባው፣ ድጋፍ። ፓስተሩ፣ ድጋፍ። ማርሊን፣ ድጋፍ። የሣር ማጨጃ ነጋዴው ዱዌን ፊስክ ኮሌታውን አስተካከለ።

«ተቃውሞ። አቶ ኮልብ፣ ከርስዎ የተማርኩት ነው፤ ዋሽንግተን ስለኛ ጉድጓድ መቼ ድምፅ ሰጥታ ታውቃለች?»

«አቶ ኮልብ?» አለች ሎሬታ።

ቬርነን ወረቀቷን አየ። «ተቃውሞ» የሚለው ተጽፎ፣ ቀለሙም ደርቋል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የለመደ ምላስ በአንድ ጠዋት አይገራም።

«ተ...» አለ።

ከኋላ ቴሳ «እህ!» ብላ ሳለች።

«ተ... ተዉኝ እስቲ አንዴ!» ትንፋሹን ሳበ። «ድጋፍ!»

«ምን አሉ?»

«ድጋፍ!»

«ለቃለ ጉባኤው ይድገሙልኝ።»

«ድጋፍ አልኩ፣ ሴትዮ! ከዚህ በላይ በጥሩንባ ልንፋልሽ?»

ሎሬታ የጻፈችውን በአንድ መስመር ሰረዘች። ስርዝ ካለ ባለቤቱ አጠገቡ መፈረም አለበትና ወረቀቱን ይዛለት ሄደች። ቬርነን ፈረመ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። በዚያ ግርግር ከንቲባው «ስብሰባው ይዘጋ?» ሲል ቬርነን የሴዳር ጎዳና ጉዳይ ገና አልታየም ብሎ «ተቃውሞ!» አለ፤ ያችን ሎሬታ አስቀድማ ጽፋት ነበር። አራት ለአንድ ተዘጋ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ፒክአፑን የነዳችው ቴሳ ናት።

«የሄደው ደብዳቤ ነው፤ ሕጉ ገና ነው» አለ ቬርነን። «ላይጸድቅም ይችላል።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ የዓርቡ ፊርማ?»

«አልፈርምም። ትምህርት ቤቱ እስኪጀምር ጊዜ አለ፤ እጠብቃለሁ። አንተ ሰው ፊት ውሸቴን ነው ካልክ የማይሆን ነገር የለም።»

ሴዳር ጎዳና ላይ ጎማው ጉድጓዱ ውስጥ ገባና ሁለቱም ከወንበራቸው ተነስተው ወደቁ። ቬርነን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ እንባው እየወረደ ነው።

«አመመህ እንዴ አባባ?»

«ጉድጓዱ ነው» አለ። «ምን ላድርግ፣ አሥራ አንድ ኢንች እኮ ነው!»

«ስንት?»

«ስድስት» አለ።