ድልድዩ ጋ የምትወርደው ሴት

፩

— ተዋበች! ተዋበች! ሁለት የቀረው! ተዋበች!

ረዳቱ ከሚኒባሱ በር ተንጠልጥሎ ነው የሚጮኸው። እትዬ አሰገደች መስኮቷን ድርግም አድርጋ ዘጋችው። ገና ማለዳ ነው። ይህን ስም እስኪመሽ ልትሰማው ነው። ነገም። ከነገ ወዲያም።

፪

ልጆቼ፣ ከመሃል ስለ ጀመርኩ አትቀየሙኝ። ታክሲ እኮ ሁልጊዜ ከመነሻው አይገኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከድልድዩ በላይ፣ ዳገቱ ሲያልቅ፣ አንድ ግድግዳ የተጋሩ ሁለት ቤቶች ነበሩ። አንዱ የእትዬ አሰገደች፣ ሌላው የጎረቤቷ የተዋበች። ታክሲው የሚቆመው በአሰገደች ደጃፍ ነው፤ የመብራት ምሰሶውም የተተከለው እዚያው ነው። የመቆሚያው ስም ግን «ተዋበች ጋ» ነው።

ለቅሶ የሚመጣው «ተዋበች ጋ አውርደኝ» ይላል። ውሃ ቆጣሪ አንባቢው «ተዋበች ጋ ነኝ» ይላል። አሰገደችን ሊጠይቅ የሚመጣው የገዛ ወንድሟ ልጅ እንኳ ተዋበች ጋ ወርዶ ነው አሰገደች ቤት የሚገባው።

አንገበገባት።

፫

ስለ ስሞቹ

ስም ያወጡላቸው እናቶቻቸው ናቸው። አንዷን አገር እንዲሰግድላት አሰገደች አሏት። ሌላዋን ተዋበች አሏት። እስቲ አስቡት፤ ገና ፊትሽን ታጥበሽ ሳትጨርሺ፣ አንድ ጎረምሳ ከደጅሽ ቆሞ የጎረቤትሽን ውበት ላገር ሲለፍፍ! «ተዋበች! ተዋበች!»

«ምኗ ነው የተዋበው?» ትላለች አሰገደች ለብቻዋ። «አፍንጫዋ ነው?»*

ለአሰገደች ደግሞ ማን ሰገደ? በሯ ዝቅ ያለ ስለሆነ ግንባሩ እንዳይመታ ጎንበስ ከሚል እንግዳ በቀር ማንም።

* የተዋበች አፍንጫ ምንም አይልም። ይህ የአሰገደች ሐሳብ ነው።

፬

ወደ አሰገደች ቤት እንዴት እንደሚኬድ

ታክሲ ውስጥ ግቢ። መስኮቱ ጥግ ተቀመጪ። ስሙን አትጥሪ።

ድልድዩ ሲደርስ «ወራጅ አለ!» በይ። ውረጂ። ከነዘንቢልሽ ዳገቱን ያዢው። ሽንኩርቱ ሲከብድሽ አረፍ በይ። አሁን የወረድሽበት ታክሲ አልፎሽ ሄዶ ከገዛ ደጃፍሽ ሲቆም እያየሽ፣ ጉልበትሽን እየደገፍሽ ውጪው።

ስሙን ግን አትጥሪ።

፭

አንድ ቀን ዳገቱ ላይ

ተዋበች፦ እትዬ! ደሞ ድልድዩ ጋ ወረድሽ? በዚህ ጉልበትሽ!

አሰገደች፦ እግሬን ላፍታታው ብዬ ነው።

ተዋበች፦ አምጪው ዘንቢሉን።

አሰገደች፦ ተይው። ስምሽ አገሩን ሁሉ ሲያመላልስ ይውላል፣ ደሞ የኔን ሽንኩርት ትሸከሚያለሽ?

ተዋበች፦ ኧረ እትዬ! እኔ ጥሩኝ አልኩ እንዴ? እኔ ራሴ «ተዋበች ጋ አውርደኝ» ማለቱ እያሳፈረኝ «ምሰሶው ጋ» ነው የምለው።

አሰገደች፦ ምሰሶው የኔ ደጅ ነው!

፮

ይህቺን ብዘላት ለአሰገደች ይሻላት ነበር። ግን ትጠይቁኛላችሁ፤ ታዲያ ስሙ ለምን የተዋበች ሆነ?

ዝናብ።

ክረምት ላይ ታክሲ ጠባቂው መጠለያ አልነበረውም። ሰፊው የጣሪያ ክፈፍ የአሰገደች ነው። ሰው ከሥሩ ጠጋ ሲል ግን ብቅ ትልና «ደጄን አታጨቅዩብኝ!» ትላለች። አዲስ ሲሚንቶ አስለስናበት ነበራ። የተዋበች ክፈፍ ጠባብ ነው፤ ሰው ቢጠጋበትም ትከሻው ይረጥባል። ይህን ስታይ በሯን ከፍታ አግዳሚ ወንበር አወጣች። «እስኪያባራ ተዋበች ጋ እንጠለል» ይባል ጀመር።

ዝናቡ አባራ። «ተዋበች ጋ» ግን እዚያው ቀረ።

አሰገደች ይህን ታውቃለች። ባታውቀውማ ኖሮ መች እንዲህ ይፈጃት ነበር?

፯

ሰፈሩ ፈረሰ።



መንገድ ሊሰፋ ነው ተባለ። ቆርቆሮው ተነሳ፤ የተጋሩት ግድግዳም ለሁለቱም ባንድ ቀን ወደቀ። ሁለቱም ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው፤ ያውም አንድ ብሎክ። ለተዋበች ምድር ላይ፣ ለአሰገደች አራተኛ ፎቅ።

«እጣውም ለሷ ያደላል» አለች አሰገደች፣ ደረጃው ላይ ቆማ ቁና ቁና እየተነፈሰች። በረንዳዋ ላይ ስትደርስ ግን ትንሽ ተጽናናች። ቢያንስ ከፍ ያለችው እሷ ናት።

እስከ ሳምንቱ ድረስ ነው። አንድ ሰው ደረጃው ሥር ሲጠይቅ ሰማች። «ከተዋበች በላይ ያሉት ሴትዮ ቤት የቱ ነው?»

፰

እድሩ ግን አልፈረሰም። ስብሰባው እዚያው በድሮው ሰፈር፣ ሳይፈርስ ከተረፈው ከድንኳን ማስቀመጫው ነው። ባለፈው እሁድ ሁለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው ሊሄዱ ታክሲ ተሳፈሩ። ረዳቱ አዲስ ነው።

— ፕላዛ! ፕላዛ! ሁለት የቀረው! ፕላዛ!

«ምን ይላል ይሄ?» አለች አሰገደች።

«የኛን ሰፈር ነው» አለች ተዋበች። «ቤቶቻችን የነበሩበት ላይ የመስታወት ፎቅ ቆሟል አሉ። እሱን ነው።»

«ያንቺስ?»

«የኔ ምን?»

«ስምሽ ነዋ!»

ተዋበች ነጠላዋን አስተካከለች። «አረጀ መሰለኝ፣ እትዬ።»

፱

አሰገደች ደስታውን ጠበቀችው። ስንት ዘመን ስትመኘው የኖረችው ነው፤ እንደ እንግዳ ተዘጋጅታ ጠበቀችው።

አልመጣም።

ድልድዩ ደረሰ። አፏ በልማድ ሊከፈት አለና ተወችው። ታክሲው ዳገቱን ያዘ። ካፊያ ጀምሯል። ከላይ ፎቁ ብልጭ ብልጭ ይላል፤ ከፊቱ ያለውን ሰፊ ክፈፍ አይታ ቀናች። ከሥሩ አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ ልትጠለል ጠጋ ስትል ዘበኛው እጁን እያወናጨፈ መለሳት። «እዚህ መቆም አይቻልም!»

ያ የጥንቱ ቃጠሎ ደረቷ ላይ ተነሳ። ያው ነው፤ አድራሻው ብቻ ተለወጠ። ይሄ ማንን አስጠልሎ ነው ስሙ የሚጠራው? እንዲህ ያለ ደጅ ስም አይገባውም። ይህን ከእትዬ አሰገደች በላይ የሚያውቅ የለም።

፲

— ፕላዛ ወራጅ አለ? እማማ፣ ፕላዛ ነው የሚወርዱት?

ተዋበች ጎንበስ ብላ ጫማዋን ታያለች። የድሮው ምሰሶ የለም፤ ምን ብላ ትውረድ?

— እማማ!

— አይደለም! አለች አሰገደች።

— ታዲያ የት ጋ ነው? ስሙን ይንገሩኛ!

ታክሲው ሙሉ ዞሮ አያት። ልጁ አዲስ ነው ብያችኋለሁ፤ የነገሩትን ያምናል። ዛሬ የሰማውን ስም ነገ ከበሩ ተንጠልጥሎ ይጮኸዋል። አሰገደች ይሄ ገባት። የራሷ ስም ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ፤ ጣፈጣት። ወደ ጎን ስታይ፣ ተዋበችም ቀና ብላ እያየቻት ነው።

አሰገደች አፏን ከፈተች።

ልጆቼ፣ እዚህ ላይ እኔ ዝም ልበል። አብራችኋት ተሳፍራችኋል። ስሙን እናንተ ጥሩላት፤ ረዳቱ ሙዚቃ ከፍቷልና ጮክ በሉ።

፲፩

— ........................ ጋ ወራጅ አለ!