የካዌና ቅኝት

"ተይ ልጄ፣ ልትበጥሺው ነው" አሉ ሽማግሌው ካዌና፣ በረንዳው ላይ ከተጋደሙበት ሳይነሱ።

ኖሄያ እጇን ከጊታሩ መቃኛ ላይ አነሳች። ስልኳን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ስልኩ በሚያሳያት የድምፅ ልክ ክሮቹን አንድ በአንድ ስታከር ነበር።

"ሁሉም ክር ላልቶ ነው ያገኘሁት፣ አባዬ።"

"ላልቶ አይደለም። አላልቼው ነው።"

ይህንንስ ታውቀዋለች። አባቷ ተጫውተው ሲያበቁ ሁልጊዜ ክሮቹን አላልተው ነው የሚያስቀምጡት፤ አያቷም እንደዚያው ነበሩ። እዚህ ሞሎካይ ደሴት ላይ የቤተሰብ ቅኝት እንዲህ ነው የሚጠበቀው። እንግዳ ጊታሩን ቢያነሳ የሚያገኘው የረገበ ክር ብቻ ነው። ኖሄያን የከፋት ግን ሌላ ነው፤ የገዛ ልጃቸው ሆና ሳለ እሷም እንደ እንግዳ መቆጠሯ።

ነገ ጠዋት ከባሏ ጋር ወደ ላስ ቬጋስ ትሄዳለች። ባሏ እዚያ ሆቴል ውስጥ ሥራ አግኝቷል፤ እዚህ የቤት ኪራዩ አላስቀምጥ ብሏቸዋል። አባቷ ሂጂም ቅሪም አላሏትም። ይዛ መሄድ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አባቷ ለሟች እናቷ የደረሱትን ዘፈን። የሽማግሌው ጣቶች በሪህ እየተቆለፉ ነው። ዛሬ ካላስተማሯት ዘፈኑም አብሯቸው ማለቁ ነው። ከስልኳ ላይ ሦስት ኮርዶች፣ ሦስት የክር አያያዞች፣ ተምራ፣ ጣቶቿ እስኪደድሩ ተለማምዳለች። ግን ያለ አባቷ ቅኝት፣ በእሷ እጅ ሲሆን ዘፈኑ የሌላ ሰው ዘፈን ይሆንባታል።

"እስቲ የምታውቂውን አሰሚኝ" አሏት።

በከንፈሯ እየቆጠረች ጀመረች። አራት ስትል ኮርዱን ቀየረች፤ ዘፈኑ ግን ገና እዚያ አልደረሰም ነበር።

"ምንድን ነው የምትቆጥሪው፣ ዶሮ?"

"መቼ እንደምቀይር እንዳይጠፋኝ ነዋ።"

ካዌና ቀስ ብለው ተነስተው ተቀመጡና ጊታሩን ተቀበሏት። አልጀመሩም። ከበረንዳው በታች ያለውን የጎደሬ ማሳ ብዙ ቆይተው አዩት። ነፋሱ ሰፋፊዎቹን ቅጠሎች ይገለባብጣቸዋል።

"አባቴ ቅኝቱ ለሚሄድ ሰው አይሰጥም ይሉ ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"እያወቅሽ ትጠይቂኛለሽ?"

"ታዲያ ማንን ልጠይቅ፣ አባዬ?"

ሽማግሌው ጊታሩን ጭናቸው ላይ አመቻቹ። ከዚያ መቃኛዎቹን ማዞር ጀመሩ፤ እንደ ወትሯቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ሳይሆን ፊት ለፊቷ። እያንዳንዱን ክር ሲቃኙ ድምፁን በአፏ አስዜሟት፤ ስትስት እየመለሱ፣ ስታገኘው ራሳቸውን እየነቀነቁ። ሲጨርሱ ምንም ሳይጫኑ ክሮቹን በአውራ ጣታቸው ዳሰሷቸው። በረንዳው በድምፅ ተሞላ።

"ይኼ ቤት ነው። ምንም ሳትነኪ ቤትሽ ነሽ።" አንድ ጣት አስተኙ። "ይኼ ጎረቤት ነው። ብትቆዪም የሚቆጣሽ የለም።" ሌላ ቦታ ያዙ። "እዚህ ጋ ደግሞ እናትሽ ከደጅ ትጠራሻለች። እዚህ ላይ መቀመጥ የለም።"

ኖሄያ ሰማችው። ሦስተኛው ኮርድ ደረቷን ይዞ ጎተታት፤ ወደ ቤት ሲመለሱላት ሳታስበው ተነፈሰች። ይህን ሁሉ ጊዜ መቁጠሯ ለካ የሚጠራትን ድምፅ እንዳትሰማ ከልክሏታል።

ስንኙ ሲያልቅ የአባቷ ጣቶች በጭንቅ ተዘርግተው የማታውቀውን ኮርድ ያዙ።

"ይኼስ?"

"ሩቅ ነው።"

"ከዚያስ?"

"ከሩቅ ዘለሽ ቤት አትገቢም። መጀመሪያ እናትሽ ትጠራሻለች፤ ከዚያ ትመጫለሽ። በየስንኙ መሃል እንዲህ ነው፤ ዘፋኙም ትንፋሽ ያገኛል።"

ዓይኗ እንባ ሞላ። ጊታሩን ተቀበለች። ቤት፣ ጎረቤት፣ ጥሪ፣ ሩቅ፤ እየተሳሳተች፣ እየደገመች፣ አንድም ጊዜ ሳትቆጥር። ፀሐይዋ ባሕሩን ስትነካ የእናቷ ዘፈን እያነከሰም ቢሆን ከእጇ ወጣ። ካዌና ዓይናቸውን ጨፍነው ያዜሙ ነበር፤ ሚስታቸው ማሳው ውስጥ ቆማ የምትሰማቸው ይመስል።

ሲያበቁ ጊታሩን ግድግዳው ላይ አስደገፉት። እጃቸው እንደ ልማዱ ወደ መቃኛው ሄደ። ነካውና ተመለሰ። እንደተቃኘ ተዉት። ኖሄያ አየች።

ጎረቤታቸው ኬኦላ ለስንብቱ እራት ዓሣ ይዞ ደረጃውን ወጣ። ምሽት ምሽት ጊታር እየተጫወተ የሚኖር ሰው ነው፤ የካዌናን ቅኝት ሲመኝ አርጅቷል።

"ከመንገድ ጀምሮ እየሰማኋችሁ ነው የመጣሁት" አለ፣ ዓሣውን እያስቀመጠ። "ነይ እስቲ አቀብይኝ፣ እኔም ልሞክራት።"

ኖሄያ ጊታሩን አነሳችው። አባቷን አየቻቸው፤ እሳቸው ባሕሩን ያያሉ። ነገ እዚያ ማዶ ሆና ቅኝቱ ቢጠፋባት የሚያስታውሳት የለም። ጊታሩን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ድምፆቹን አንድ በአንድ በልቧ አዜመቻቸው፤ ሁሉም አሉ። ከዚያ መቃኛዎቹን እያዞረች ክሮቹን አላላቻቸውና ሰጠችው።

ኬኦላ በአውራ ጣቱ ነካ ነካ አደረገው። "ይኼ እኮ ላልቷል።"

"አዎ" አለች ኖሄያ፣ "አላልቼው ነው።"