ፎር የሌለው ኮምፓይለር

ቅዳሜ ቅዳሜ ከጉርድ ሾላ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የምወጣው ከአባቴ ጋር ልጣላ ነው። የሚያጣላን ኮምፓይለር ነው፤ ሰው ሲ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፈውን ማሽን ወደሚገባው የሚቀይር ፕሮግራም። እኔ በዚሁ ሙያ እንጀራ እበላለሁ፤ በነፃ የሚወርድ ስንትና ስንት እንዳለ አውቃለሁ። አባቴ አቶ ዓለሙ ግን ጡረታ ሲወጣ የራሱን ትንሽዬ ኮምፓይለር መጻፍ ጀመረ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው፣ እላለሁ።

ግድግዳው ላይ ኮምፓይለሩ የሚያውቃቸውንና የማያውቃቸውን የሲ ቃላት የጻፈበት ካርቶን ሰቅሏል። በግራ «አለው» ይላል፦ ኢንት፣ ቻር፣ ፖይንተር፣ ኢፍ፣ ዋይል፣ ፈንክሽን። በቀኝ «የለውም»፦ ፍሎት፣ ስትራክት፣ ፎር። ፍሎቱስ ይቅር፤ ነጥብ ያለው ቁጥር ምን ያደርግለታል። ግን ፎር! ሥራን ቆጥሮ መደጋገሚያ፣ ጀማሪ ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት የሚማረው። እሱም መደጋገሚያ የሆነው ዋይል ካለው፣ ፎርን መጨመር የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

«አባዬ፣ ፎር የሌለው ሲ ምን ዓይነት ሲ ነው?»

«ዋይል ይበቃል።»

«አይበቃም!»

ወንበሩን ወደኔ ያዞርና ፊቴን ያያል። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም።

የዓይን ግፊት እይታውን ከዳር እየበላ መጥቶ መሃል ላይ የሳንቲም ያህል ብቻ ቀርቶታል። ሐኪሙ ይቺም ክረምቱን አትሻገርም ብሎታል። አባቴ የሚመኘው አንድ ነገር ነበር፤ ኮምፓይለሩ እሱ ራሱ የተጻፈበትን የሲ ኮድ ሲተረጉም በዓይኑ ማየት።

ባለፈው ቅዳሜ ጉም ከእንጦጦ ወርዶ ግቢውን ሞልቶት ነበር። የኮክ ዛፉ ግንድ ጠፍቶ ቅርንጫፉ ብቻ አየር ላይ ይታያል። ከታች የታክሲ ረዳት ሲጣራ ድምፁ ከሌላ አገር የሚመጣ ይመስላል። ሰዓቱ ጠዋት ይሁን ከሰዓት አይለይም፤ ቤቱ ራሱ ከዳገቱ ተነሥቶ ቀስ እያለ የሚሄድ መሰለኝ።

«ሐመልማል፣ ዛሬ እንሞክረው» አለኝ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ፊደል ማንበብ ስለተሳነው ኪቦርዱ ፊት እኔ ተቀመጥኩ።

ሞከርነው። አሥራ ሁለተኛው መስመር ላይ ቆመ። «ፋይሉ አለቀ» ይላል፣ ገና ከሺህ በላይ መስመር እየቀረው።

መስመሩን አየሁት። ማስታወሻ አለበት፤ በሁለት ጭረት የሚጀምር፣ ለሰው የሚጻፍ፣ ማሽኑ ሳያነበው የሚዘለው። አባቴ ማስታወሻዎቹን በአማርኛ ጽፏቸዋል። ማሽኑ ለመዝለልም ቢሆን ፊደሎቹን እንደ ቁጥር አንድ በአንድ ያልፋቸዋል፤ ኮዱ ደግሞ ከዜሮ በታች የሆነን ቁጥር ሁሉ የፋይሉ መጨረሻ ያደርገዋል፤ የአማርኛ ፊደል ማሽኑ ውስጥ ሲገባ ከዜሮ በታች ሆኖ ይቆጠራል። ኮምፓይለሩ ገና በመጀመሪያው ፊደል አለቀ ብሎ ተቀመጠ።

«ማስታወሻዎቹን ላጥፋቸውና ያልፋል።»

«እንዳትነኪያቸው!» ብሎ ጮኸ። አባቴ ጮኾ አያውቅም። «ስህተቱን አስተካክይ። እነሱን ደግሞ አታንብቢያቸው።»

አታንብቢ የተባለ ሰው ምን ያደርጋል? አነበብኩ።

// ዛሬ እንጦጦ አልታየኝም። ባሕር ዛፉ ብቻ ጉሙ ላይ ቆሞ ነበር።

// ሮማነወርቅ የተከለችው ኮክ አበበ። ነጭ መሰለኝ። ቀርቤ አየሁት፤ ሮዝ ነው።

// ቢጫ ጃንጥላ የያዘች ሴት ወደ ቀበና ወረደች። እስከ መታጠፊያው ሳትጠፋብኝ ተከተልኳት።

ሮማነወርቅ እናቴ ናት፤ ካረፈች ስድስት ዓመቷ። ስለ ኮዱ የተጻፈ አንድ ቃል የለም። አባቴ ያየውን ሁሉ ማሽን በማያነበው ቦታ ሲያስቀምጥ ከርሟል። እየወረድኩ ዋይል የተጻፈበት ቦታ ደረስኩ።

// ፎርን ጨርሼው ነበር፤ አጠፋሁት። ከሌለው ሐመልማል ትቆጣለች። ስትቆጣ የአፍንጫዋ ጫፍ እንደ እናቷ ይቀላል። በሚመጣው ቅዳሜም ልየው።

ወደ ስህተቱ ተመለስኩ። የተበላሸችውን መስመር አስተካክዬ እንደገና አስነሣሁት። ኮምፓይለሩ ራሱን ከዳር እስከ ዳር ተረጎመ፤ ማስታወሻዎቹን አንድ በአንድ እየዘለለ።

«ሐመል፣ አለፈ?»

«አለፈ፣ አባዬ።»

ስክሪኑ ላይ አጎነበሰ። ራሱን ወደ ግራ ወደ ቀኝ እያደረገ ፈለገ። «ብርሃን ብቻ ነው» አለ፣ ቀስ ብሎ። ስንት ዓመት የጠበቃት ቀን መጥታ አላያትም።

ወንበሩን ወደኔ አዞርኩት። ተንበርክኬ፣ ትንፋሹ እስኪነካኝ ተጠግቼ፣ ፊቴን የቀረችው ሳንቲም ውስጥ አስገባሁት።

«ለመሆኑ» አልኩት ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ፎር ለምንድን ነው የሌለው?»

ዓይኑ ወዲያ ወዲህ ሲል ቆይቶ አፍንጫዬ ላይ አረፈ። ፈገግ አለ።

«ዋይል ይበቃል።»

«አይበቃም!» ብዬ ጮህኩበት።