ከብሎኑ ሥር

ነገራ በጉለሌው ጋራዥ ሁለት ዓመት ሙሉ መኪና ሲያጥብ አንድ ቀን እንኳ ካቻቢቴ ጨብጦ አያውቅም። የጣልያኖቹ ደንብ ነበር። የአገሬው ሰው ይነዳል፣ ጎማ ይፈታል፣ ያጥባል፤ ኮፈን ተከፍቶ ሽቦ ሲነካ ግን ዘወር ማለት አለበት። ነገራም ዘወር ይላል። ዘወር የሚለው ግን እግሩ ብቻ ነው። ባልዲውን ይዞ እንዳጎነበሰ ዓይኑ ከኤሌትሪክ ሠራተኛው ጣቶች አይነቀልም። ቤቱ ሲገባ ያየውን በጭራሮ መሬት ላይ ይስላል፤ ባትሪውን፣ ሽቦውን፣ መብራቱን። ይህን ለማንም ነግሮ አያውቅም። እንኳን ይህን፣ የእግዜር ሰላምታም ከአፉ የሚወጣው በስንት መከራ ነው።

ኅዳር ሰባት ቀን 1931 ዓ.ም. ማለዳ የወልዱ መኪና በወታደሮች ታጅባ ወደ ጋራዡ ገባች።

ወልዱ በጋራዡ የጭነት መኪና ከእንጦጦ ግንድ እየጫነ ለዳቦ ቤቶች የሚያመላልስ ሹፌር ነው። ነገራን ከቁስቋም አምጥቶ እዚህ ሥራ ያስገባውም እሱ ነው። የዚያን ዕለት እንደ ወትሮው ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መብራቱን አብርቶ ዳገቱን ተያያዘው። እኩሌታው ላይ ሲደርስ ሁለቱም የፊት መብራቶች ባንዴ ድርግም አሉ። ዳገት ላይ ማቆሙን ፈርቶ በጨለማው እየዳበሰ ቀጠለ። ኬላው ጋ ሲደርስ ጠመንጃ ተደገነበት። መብራቱን አጥፍቶ ወደ ጫካ የሚወጣ መኪና፣ በጣልያኖቹ ግምት፣ ለአርበኞች ስንቅ የሚያቀብል መኪና ነው።

“መብራቱን ያበላሸው ራሱ ነው” አሉ ወታደሮቹ ለጋራዡ አለቃ። “ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መጥተን እንወስደዋለን።”

እነሱ የወሰዱት ሰው ሲመለስ ያየ በጋራዡ ውስጥ አንድም አልነበረም። ወልዱን እጁን በገመድ አስረው ጎማ ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ ዘጉበት።

አለቃው ሲኞር ናርዶ ሞተር ላይ የሚያህለው የለም። ኤሌትሪክ ግን እንደ እባብ ይፈራል። የኤሌትሪክ ሠራተኛው ደግሞ ከሦስት ቀን በፊት ወደ ደሴ ተልኳል። ናርዶ አምፖሎቹን ለወጠ፤ አልበሩም። ቫልቮላ የሚሏትን፣ ኃይል ሲበዛ ራሷን የምታቃጥል ቀጭን ሽቦ ለወጠ፤ አልበሩም። የተቆረጠ ነገር ቢፈልግ አጣ። ስድስት ሰዓት ሲሆን እጁን በጨርቅ ጠርጎ “ፊኒቶ፣ አለቀ” አለና ምሳውን ሊበላ ሄደ።

የወልዱ ሚስት ባዩሽ የምሳውን ቋጠሮ እንደያዘች በር ላይ ቆማ ነበር። ዘበኛው አላስገባም ብሏታል። ነገራ ባልዲውን አስቀምጦ ወጣ።

“እትዬ ባዩሽ፣ ከፀሐዩ ዘወር ይበሉ።”

“ፀሐዩን ተወውና እሱን ንገረኝ። እውነት አስረውታል?”

“አስረውታል።”

“ምን አጠፋ? ትናንት በቁስቋም ዕለት እኮ እዚሁ ከአጥሩ ኋላ ቆመን ጧፍ ያበራንለት መኪና ነው። ‘ዓመቱን በሰላም አውጪው’ ብዬ ተስዬ። ነፋሱ ሁለት ጊዜ ቢያጠፋብን ወልዱ ተናዶ ጧፉን ራሱ ነው ያቆመው። ታዲያ ምን አጎደልንባት?”

ነገራ ዞሮ ኮፈኗ የተከፈተውን መኪና አየ።

“አንተ ልጅ፣ አፍህ ይዘጋል እንጂ ዓይንህ አይዘጋም” አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ። “ስንት ነገር አይተሃል። አንድ የማውቀው አለ በለኝ።”

“እ... ልየው” አለ ነገራ። ባልዲውን ወዳስቀመጠበት ተመለሰ።

ናርዶ ከምሳ ሲመለስ ነገራ መኪናዋ አጠገብ ቆሞ ጠበቀው።

“ሲኞር፣ እኔ ልሞክር።”

ጎማ ፈቺው ቱሉ ከተቀመጠበት ጎማ ላይ ሳቁን ለቀቀው። “በቃ፣ ባልዲው ማስተማር ጀመረ ማለት ነው። ኤሌትሪቺስታ ነገራ!”

“አንተ ውሃ” አለ ናርዶ በሚችላት አማርኛ። “አንተ መብራት የለም።”

“የመኪና ባትሪ አይነዝርም፣ ሲኞር። እኔ እነካለሁ፣ እርስዎ ራቅ ብለው ይዩኝ።”

ናርዶ ፊቱ ቀላ። ይህ የሚያጥብ ልጅ ፍርሃቱን ሲያይለት እንደኖረ ገና ዛሬ ገባው። ሰዓቱን አየ፤ ዘጠኝ ሆኗል። ካቻቢቴውን ወርወር አደረገለትና ወደ ጎማው ክፍል ጠቆመ። “ከሰበርህ፣ አንተም እዚያ።”

ነገራ ካቻቢቴውን ያዘ እንጂ ምንም አልነካም። መጀመሪያ ቆሞ አሰበ። ሁለት አምፖል ባንድ ቅጽበት አይቃጠልም። እንግዲያው ጥፋቱ ያለው ሁለቱ በሚጋሩት ቦታ ነው። ደኅና አምፖል ለመነና ሁለት ቁራጭ ሽቦ አሰረበት። ኤሌትሪክ ሠራተኛው እንዲህ ሲያደርግ ብዙ ጊዜ አይቷል።

“ቱሉ፣ ግባና ማብሪያውን ጫንልኝ።”

“እሺ፣ ጌታዬ” አለ ቱሉ እያሾፈ። ግን ገባ።

ነገራ የአንደኛውን ሽቦ ጫፍ ወደ ግራው መብራት በሚገባው ሽቦ ላይ፣ የሁለተኛውን በመኪናዋ ብረት ላይ አስነካ። አምፖሏ መዳፉ ላይ በራች። ወደ ቀኙ ዞረ፤ በራች። ቱሉ አንገቱን በመስኮት አወጣ።

ኃይሉ እስከ መብራቶቹ ይደርሳል። ታዲያ ስለ ምን አይበሩም? ነገራ ዓይኑን ጨፍኖ በጭራሮ የሳለውን አስታወሰ። የሳላቸው መስመሮች ሁሉ ከባትሪው ወጥተው ዞረው ወደ ባትሪው የሚገቡ ነበሩ። መሄዱን አይቷል፤ መመለሱን ግን ገና አላየም። የአንደኛውን ሽቦ ጫፍ እዚያው ትቶ ሁለተኛውን ከመኪናዋ ብረት አንሥቶ በራሱ በመብራቱ የብረት ቆብ ላይ አስነካ። ጨለማ። ወደ ብረቱ መለሰው፤ በራች። ወደ ቆቡ፤ ጨለማ።

“ከዚህ አይመለስም” አለ ለራሱ።

ከሁለቱም መብራት ቆብ አንዳንድ ጥቁር ሽቦ ወጥቶ በራዲያተሩ ጎን ይወርድና ሁለቱ ባንድ ብሎን ከመኪናዋ ብረት ጋር ይታሰራሉ። ያ ብሎን ብቻውን ተበላሽቶ ቢሆን ሁለቱም መብራቶች መመለሻ ያጣሉ። በጀርባው ተንፏቆ ከመኪናዋ ሥር ገባ። ብሎኑ አሮጌ ነው፤ ጫፉ ላይ ግን ሰሞኑን ቁልፍ የነካው አዲስ ጭረት አለ። ፈታው።

ከሽቦዎቹ ጫፍና ከብረቱ መካከል አንድ ቢጫ ነገር ተጨፍልቆ፣ ቀልጦ፣ መልሶ ረግቶ ተጣብቋል። መሐሉ ላይ የጥጥ ክር አለበት። ወደ አፍንጫው አስጠጋው። የማርና የቤተ ክርስቲያን ሽታ ሸተተው።

ጧፍ ነው።

ሁሉም ባንዴ ገባው። ወልዱ ነፋሱ ቢያስቸግረው ነፋስ በማይደርስበት በመኪናዋ ሥር እጁን ሰዶ ያገኘውን ብሎን ላላ አድርጎ ጧፉን እሥሩ አቁሟል፤ ምን ብሎን እንደ ሆነ ከየት ይወቅ፣ ሽቦ ሲነካ ዘወር ከሚሉት አንዱ ነው። መልሶ ሲያጠብቀው ጉርዱ ውስጡ ቀረ። ሌሊት ሲነሣ የብሎኑ ጥርስ እንደ ምንም ኃይሉን ያሳልፍ ነበር። ዳገቱ ላይ ሞተሩ ሲግል ግን ሰሙ ቀልጦ በጥርሶቹ መካከል ገባና መንገዱን ዘጋው።

ይህን ሲያስብ የናርዶ ጫማ ጆሮው አጠገብ መጥቶ ቆመ።

“ምንድን ነው?”

ጧፉን ካሳየ ብሎኑን የነካው የወልዱ እጅ መሆኑ ይታወቃል። የቁስቋምን ስለት ለወታደር ማን ያስረዳል? ጫማው ፎቀቅ ብሎ የናርዶ ጉልበት መታጠፍ ሲጀምር ነገራ ቢጫዋን ጉርድ ከነክሯ አፉ ውስጥ ከተተ። ከዚያ በብሎኑ ራስ ላይ የነበረውን ዝገት በካቻቢቴ ፍቆ በመዳፉ ዘረጋለት።

“ሩጂኔ” አለ ጉንጩ አበጥ እንዳለ።

ናርዶ ቡናማውን ብናኝ በጣቱ አሸት አደረገና ራሱን ነቀነቀ። ነገራ ብሎኑን በአሸዋ አሸ፤ የሽቦዎቹን ጫፍ እስኪያብረቀርቁ ፋቀ፤ ሁሉንም በሸሚዙ ጠርዝ ወለወለና አጥብቆ አሰረው።

“ቱሉ፣ ጫን።”

አሥራ አንድ ሰዓት አልፎ ጥላ ወርዷል። ሁለቱ መብራቶች ባንዴ ቦግ ብለው የጋራዡን ግንብ ከጫፍ እስከ ጫፍ ብርሃን አለበሱት። መጀመሪያ የተሰማው ከበሩ ውጭ የባዩሽ እልልታ ነበር፤ ዘበኛው ዝም በይ ቢላትም አልሰማችውም። ቱሉ ከጋቢናው ወርዶ ነገራን ትክ ብሎ አየውና ቆቡን አወለቀ። በዚህኛው ጊዜ አላሾፈም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወታደሮቹ መጡ። ናርዶ ደረቱን ነፍቶ ወደ መኪናዋ ወሰዳቸው፤ አበራ፣ አጠፋ፣ አበራ። “ሩጂኔ” እያለ ብሎኑን አሳየ፤ እሱ ራሱ ያገኘው እስኪመስል ድረስ ብዙ አወራ። ነገራ ባልዲው አጠገብ ቆሞ ሰሙን ያላምጣል። አዛዡ ሦስት ጊዜ ራሱ አብርቶ አጠፋ፤ በመጨረሻ ትከሻውን ሰብቆ ዝገት አይታሰርም አለና የወልዱን ገመድ አስፈታ።

ናርዶ ወደ ዳገቱ ጠቆመ። የማለዳው ግንድ እዚያው ተከምሮ ቀርቷል፤ ዳቦ ቤቶቹም ይጠብቃሉ። “አንተ ንዳ” አለው ወልዱን። ወደ ነገራ ዞረ። “አንተም ጋቢና ውጣ። መብራት ቢጠፋ፣ አንተ።” ካቻቢቴውን መልስ አላለውም። ባዩሽ በር ላይ የቋጠረችውን ለወልዱ አብልታ፣ መኪናዋ እስክትሰናዳ በእግሯ ቀድማ ወደ ቤቷ ወጣች።

ኬላው ላይ የማለዳዎቹ ወታደሮች በብርሃኑ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው በእጅ አሳለፏቸው። ነገራ ያን ጊዜ አፉ ውስጥ የነበረውን አውጥቶ በወልዱ መዳፍ ላይ አኖረው።

“ምንድን ነው ይኼ?”

“ስለትዎ ነው፣ ጋሼ። ክሩን አልበላሁትም።”

ወልዱ በመብራቱ ጭላንጭል አየው። ቀኑን ሙሉ ያልተነፈሰው ሰው ትንፋሹን ለቀቀ፤ ትንፋሹ ሳቅ ሆነ፤ ሳቁ እንባ አመጣበት። “ለባዩሽ እንዳትነግራት። የጧፉን ነገር እንዳትነግራት፣ በእናትህ።”

“እኔ ምን እናገራለሁ” አለ ነገራ።

ወደ ቁስቋም መታጠፊያው ሲደርሱ ባዶውን ቋጠሮ በብብቷ ሸጉጣ ወደ ቤቷ የምትወጣ ሴት ከፊታቸው ታየች። ወልዱ መብራቱን ሁለት ጊዜ አጥፍቶ አበራላት። ባዩሽ ዞር ብላ አየች፤ ግን ከመንገዱ አልወረደችም። ነጠላዋን አስተካክላ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ በመንገዱ መካከል መሄዷን ቀጠለች። ጥላዋ ባሕር ዛፎቹን ተሻግሮ ወደ ላይ ይረዝማል። ያች ትልቅ መኪና ሁለት መብራቷን ወገግ አድርጋ፣ በእግረኛ ርምጃ፣ እንደ ሚዜ ከኋላዋ ተከተለቻት።